«ሰማያዊ ቆቦቹ ለምን አይመጡልንም?» ከጎንደር ለተላከ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው የምትኖረው። ግቢያቸው ውስጥ ከካርቱም ሸሽታ በመተማ በኩል የገባች እናት ከሦስት ልጆቿ ጋር ሰርቪስ ቤቱን ተከራይታለች። «ቡና በተፈላ ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው» ትላለች ጠያቂዋ። «ሰማያዊ ቆብ ያደረጉት ወታደሮች ለምን አይመጡልንም ትለኛለች። አጎቴ ደግሞ ሰላም አስከባሪ ሆኖ አብዬ ዘምቶ ነበር፤ እኛ እኮ መተኮስ ተከልክለን ነው የኖርነው ይላል። ጋሼ፣ የተባበሩት መንግሥታት ያን ሁሉ ጦር ይዞ ለምን ሱዳን አይገባም?»

እህቴ፣ ከጥያቄሽ ጭራ ልጀምር። የተባበሩት መንግሥታት ጦር የለውም። ሻለቃው ይቅርና የራሱ የሆነች አንዲት ጓድ እንኳ የለችውም። ያለው ሁሉ ውሰት ነው። ኒው ዮርክ ላይ የጸጥታው ምክር ቤት 15 አባላት ተሰብስበው እጅ ያወጣሉ። ቢያንስ 9 ድምፅ ተገኝቶ ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዳቸውም ካልሻሩት ውሳኔው ይጸድቃል። ልመናው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከአንዷ አገር ሻለቃ ጦር፣ ከሌላዋ ሄሊኮፕተር፣ ከሦስተኛዋ የመስክ ሆስፒታል። ሰርግ እንደደገሰ ሰው ማለት ነው፤ ድንኳኑ ከእድር፣ ብረት ድስቱ ከጎረቤት፣ አግዳሚው ከሰንበቴ። ባለቤቱ ድስቴን መልሱልኝ ካለ ደግሞ ወጡ እየተንተከተከም ቢሆን መመለስ ነው።

ሩዋንዳ ላይ በ1994 የሆነው ይኼው ነበር። (ዓመቶቹንና ወራቶቹን ሁሉ በፈረንጅ እጽፋለሁ፣ አለዚያ እንምታታለን።) አሥር የቤልጅየም ሰላም አስከባሪዎች ተገደሉ፣ ቤልጅየም ጦሯን ጠቅልላ ወጣች። ምክር ቤቱም እልቂቱ ከተጀመረ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ኤፕሪል 21 ላይ፣ 2,500 ገደማ የነበረው ኃይል ወደ 270 እንዲወርድ ወሰነ። ይጨመር ሳይሆን ይቀነስ። እንደገና ይጨመር የተባለው በሜይ ነው፤ ወታደር እስኪለመን፣ ተሽከርካሪ እስኪገኝ፣ አውሮፕላን እስኪከራዩ ግን የሚሞተው ሞቶ አልቆ ነበር።

ገንዘቡም እንዲሁ መዋጮ ነው። ሁሉም አባል አገር እንደ አቅሙ የተመደበለት ድርሻ አለው፤ አሜሪካ ብቻዋን ከሩብ በላይ ተጥሎባታል። የሚጣልበትና የሚከፈለው ግን አንድ አይደለም። በ2025 መጨረሻ ገደማ ካዝናው ከመጉደሉ የተነሳ በየአገሩ ከነበሩት ከ50,000 በላይ ሰላም አስከባሪዎች ሩብ ያህሉ እንዲቀነሱ ተወስኗል። እንግዲህ ያሉትን ወደ ቤታቸው እየመለሰ ያለ ድርጅት ነው አዲስ ጦር ወደ ሱዳን ላክ የሚባለው። ለነገሩ አጎትሽ በወር 1,428 ዶላር ነበር የሚከፈላችሁ የሚል ወሬ ከሰማ አይናደድ። ከ2018 ጀምሮ በአንድ ወታደር የተተመነው ክፍያ ይህ ነበር፣ ግን የሚገባው ለላከው መንግሥት ነው። ወታደሩ የሚያገኘው አገሩ የቆረጠለትን ነው።

አሁን ወደ ዋናው። እኔ እንደማስበው ስሙ ራሱ ነው ያሳሳተን። ሕግ አስከባሪ ስንል ጥፋተኛውን ማጅራቱን ይዞ የሚያመጣ ማለታችን ነው። ስለዚህ «ሰላም አስከባሪ» ሲባል የተጣሉትን በጉልበት አላቆ ሰላም የሚያወርድ ይመስለናል። ያቺን እናት በአረብኛ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪያቸው በያት። «ሂፍዝ አስ-ሰላም» ትልሻለች። ሂፍዝ መጠበቅ ነው፣ ያለን ነገር እንዳይጠፋ መያዝ። ሥራው እሱ ነው። የሚጠበቅ ሰላም ከሌለ ጠባቂ ምን ላይ ይቆማል?

በእኛ አገር ደም የተቃቡ ሁለት ወገኖች ሲታረቁ አይተሻል? መጀመሪያ ሽማግሌ ይገባል። ይመላለሳል፣ ይለምናል፣ አንዱ ወገን ሲያፈገፍግ ሌላውን ያባብላል። ካሳው ይቆረጣል፣ ይማማላሉ። ከዚያ ዋስ ይጠራል። ዋሱ ዱላ ይዞ የተጣሉትን የሚደበድብ ሰው አይደለም። ሁለቱም «እሱ ይሁን» ብለው የተቀበሉት፣ ቃሉን ያፈረሰውን ለይቶ የሚናገር ሰው ነው። ሰላም አስከባሪው ይህ ዋስ ነው። ሽማግሌው ገና እርቁን ሳይጨርስ፣ ያውም ሁለቱ ወገኖች ጠመንጃቸውን አቀባብለው ሜዳ ላይ እያሉ፣ ዋስ አምጡ ብትይ የሚገኘው ሦስተኛ ሬሳ ነው።

ከድሮም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው የታጠቀ የሰላም አስከባሪ ኃይል በ1956 ስዊዝ ላይ የገባው ግብፅ እሺ ብላ ነው። ሰማያዊው ቆብም የመጣው ያኔ ነው፤ የታዘዘው ሰማያዊ ኮፍያ በጊዜው አልደርስ ሲል የአሜሪካኖችን የሄልሜት ውስጥ ቆብ ሰማያዊ ቀለም ረጩበት። በሜይ 1967 የግብፁ መሪ ናስር ውጡልኝ አለ። ወጡ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የእስራኤልና የአረቦች የስድስቱ ቀን ጦርነት ተጀመረ።

እኛም እኮ ተጠብቀን እናውቃለን፣ ረስተነው ነው እንጂ። ከባድመው ጦርነት በኋላ፣ በ2000፣ የተባበሩት መንግሥታት ኃይል በእኛና በኤርትራ መካከል ገብቶ ነበር። እስከ 4,200 ወታደር ተፈቅዶለት፣ በኤርትራ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ቀጠና ይዞ። ሁለቱም አልጀርስ ላይ ፈርመዋል፣ ተኩስ ቆሟል፣ ስለዚህ ሥራው ይሄድ ነበር። በ2002 የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ወሰነ፣ ውሳኔው ግን መሬት ላይ ሳይወርድ ቀረ። አስመራ ተናደደች። በ2005 የኃይሉን ሄሊኮፕተሮች ከበረራ ከለከለች፣ ኋላም ነዳጅ ነፈገችው። መኪናው ያለ ቤንዚን ምን ይሠራል? በ2008 ጠቅልሎ ወጣ። የወታደሮቹ ጥፋት አልነበረም። ፖለቲካው ሲቆም ዋሱ ብቻውን ሜዳ ላይ ቀረ።

ሱዳንን በዚህ ዓይን እይው።

እኔ ወታደር አልነበርኩም። የሠራሁት በሲቪል ጉዳዮች ክፍል ነው፣ መጀመሪያ ዳርፉር፣ ኋላም አብዬ። ዳርፉር የነበረው ተልዕኮ፣ ዩናሚድ፣ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ጥምር ነበር። በ2007 ሲወሰን ወደ 26,000 የሚጠጋ ወታደርና ፖሊስ ተፈቅዶለታል። ትልቅ ቁጥር ነው። ግን ዳርፉር የፈረንሳይን ስፋት የሚያክል አገር ነው፣ በዚያ ላይ ለያንዳንዱ እርምጃ ፈቃድ። ጠዋት ፓትሮል ለመውጣት ተዘጋጅተን፣ ውኃና ብስኩት ተጭኖ፣ ሞተር ተነስቶ፣ ኬላ ላይ አንድ ፊርማ ጎደለ ተብለን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆምንበት ቀን ብዙ ነው። ልንደርስበት የነበረው መንደር ጭሱ ከሩቅ ይታይ ነበር። ይህን ስነግርሽ እያማረርኩ አይደለም፤ የባለቤት ፈቃድ የሚሉት ነገር በወረቀት ላይ አንዲት ቃል ብትሆንም መንገድ ላይ ምን እንደምትመስል እንድታይው ብዬ ነው።

የሆነ ሆኖ ዩናሚድ ብዙ ጉድ እያለበትም ለተፈናቃዮቹ ጥላ ነበር። የተልዕኮው ዘመን ዲሴምበር 31 ቀን 2020 አበቃ። አልበሽር ወድቆ የሽግግር መንግሥት መጥቷል፣ ጁባ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈርሟል፣ ካርቱም ከእንግዲህ በራሴ እችላለሁ አለች፣ ገንዘብ የሚያወጡት አገሮችም ደክሟቸው ነበር። ሁለት ሳምንት አልፎት ነው የዳርፉሯ ኤል ጀኒና ውስጥ ከመቶ በላይ ሰው ያለቀው። ሁለት ሳምንት! ኤል ፋሸር የነበረው ትልቁ የተልዕኮው ግቢም ለሲቪል አገልግሎት ይሁን ተብሎ ተሰጠና በዓመቱ ተዘረፈ። መቸኮል ነበር። ያኔም ብዙዎቻችን ብለናል፣ ሰሚ አልነበረም እንጂ።

በቦታው የተተካው ዩኒታምስ የሚባል የፖለቲካ ተልዕኮ ነው። መሣሪያ የለውም፣ ወታደር የለውም፣ የሚያማክር ቢሮ ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የአልቡርሃን ጦርና የሄሜቲ ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ካርቱም መሐል ሲታኮሱ የነበረው ይኸው ቢሮ ነበር። በሁለት ወሩ ካርቱም የቢሮውን ኃላፊ ፎልከር ፔርተስን አልቀበልም አለች። በኖቬምበር ቢሮው ራሱ ይዘጋልኝ አለች፣ በዲሴምበር ተዘጋ። እንግዲህ አማካሪ አልፈልግም ያለ መንግሥት ብርጌድ ግባልኝ ይላል ብለሽ ትጠብቂያለሽ?

ተጠይቆም ያውቃል። በሴፕቴምበር 2024 የተባበሩት መንግሥታት አጣሪ ቡድን ሲቪሎችን የሚጠብቅ ገለልተኛ ኃይል ይግባ ብሎ መከረ። የሱዳን መንግሥት ወዲያው ውድቅ አደረገው። በወሩ ዋና ጸሐፊው አንቶኒዮ ጉቴሬዝ ለምክር ቤቱ ቀርበው እንዲህ ያለ ኃይል በተሳካ ሁኔታ ለማሰማራት ሁኔታው እንደማይፈቅድ ተናገሩ። በኖቬምበር 18 ደግሞ ብሪታንያና ሴራሊዮን ሲቪሎች እንዲጠበቁና ውጊያው እንዲቆም የሚጠይቅ ረቂቅ አቀረቡ። 14 አገሮች ደገፉ። ሩሲያ ብቻዋን እጇን አወጣችና ወደቀ። ልብ በይ፣ ረቂቁ ጦር ይላክ እንኳ አይልም ነበር። ከዚያ በፊት በጁን 2024 የኤል ፋሸር ከበባ ይቁም የሚል ውሳኔ አልፎ ነበር፤ ከበባው ግን አልቆመም፣ ከተማዋ በኦክቶበር 2025 ወደቀች። ውሳኔ ያለ ጉልበት ማለት ይህ ነው።

«በግድስ መግባት አይቻልም ወይ? ቃኘው ኮርያ ሄዶ የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ፒያሳ ላይ ቡና ስንጠጣ ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ ነው። የድርጅቱ መተዳደሪያ ቻርተር ምዕራፍ 7 ላይ ይፈቅዳል። ኮርያ ግን ሰላም ማስከበር አልነበረም፣ ወግነው የተዋጉት ጦርነት ነው፣ አዛዡም የአሜሪካ ጄኔራል ነበር። ያ ውሳኔ ሊያልፍ የቻለው በ1950 ሶቪየት ኅብረት አኩርፋ ከወንበሯ ስለቀረች ነው። ያን ስሕተት የደገመችው የለችም። ደግሞስ የትኛው አገር ነው ልጁን በካርቱምና በኒያላ መንገዶች ላይ ከሁለት ጦር ጋር ሊያዋጋ የሚልክ? ድሮን ከላይ እየዞረ፣ ሁለቱም ወገኖች ከውጭ መሣሪያ እየደረሳቸው?

አሁን ስለ አጎትሽ። ከልብ አከብረዋለሁ፣ ግን «መተኮስ ተከልክለን» የሚለውን እንደሰማሁት አልተወውም።

አብዬ ማለት አሥር ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች፣ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል የማን እንደሆነች ያልተወሰነች መሬት ነች። ንጎክ ዲንካዎች ነዋሪዎቿ ናቸው፣ ሚሴሪያ የሚባሉት የአረብ ከብት አርቢዎች በበጋ ከብቶቻቸውን ነድተው ውኃና ሣር ፍለጋ ይወርዱባታል። በሜይ 2011 የሱዳን ጦር ከተማዋን ያዘ። በጁን 20 ሁለቱ ወገኖች አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙ፤ ከሚገባው ጦር ውስጥ ሁለቱም የተስማሙት በኢትዮጵያ ብቻ ነበር። በሳምንቱ ምክር ቤቱ ዩኒስፋ የሚባለውን የአብዬ ሰላም አስከባሪ ኃይል አቋቋመ፣ እስከ 4,200 ሰው። አየሽ ቅደም ተከተሉን? ሽማግሌ፣ ፊርማ፣ ከዚያ ዋስ። ለዚህ ነው በሳምንታት ውስጥ ወታደሮቻችን መሬት ላይ የነበሩት። አገራችን ደግሞ በዚያ ዘመን ሥራው ውስጥ ገብታበት ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከ8,000 በላይ ሰው አሰማርታ ከዓለም አንደኛ እስከመሆን ደርሳለች።

ያም ሆኖ ፊርማው ሁሉን አልፈታም። ኦገስት 2 ቀን 2011፣ ገና በገቡ በወሩ፣ ማቦክ የሚባል ቦታ ላይ የኛን ወታደሮች ፈንጂ መታቸው። ቁስለኞቹን ሊያነሳ የሚሄደው ሄሊኮፕተር የካርቱምን ፈቃድ ሲጠብቅ ዘገየ፤ የተባበሩት መንግሥታት ባለሥልጣናትም ያለፈቃድ ከበረረ ይመታል የሚል ማስፈራሪያ ደርሶናል አሉ። አራት ወታደሮች ሞቱ፣ ከአራቱ ሦስቱ እርዳታ ሲጠብቁ ነው ያለፉት። አጎትሽ ያኔ እዚያ ከነበረ ስሞቻቸውን ያውቃል።

መተኮሱን በተመለከተ ግን ዩኒስፋ ሲቪሎችን ከሚደርስባቸው ቅርብ አደጋ የመጠበቅ ሥልጣን በምዕራፍ 7 ተሰጥቶታል። መተኮስ አልተከለከለም። የተከለከለው ያለ በቂ ምክንያት ቀድሞ መተኮስ፣ ጊዜ እያለ ሳያስጠነቅቁ መተኮስ፣ ለበቀል መተኮስ ነው። በኪስ የምትያዝ ትንሽ ካርድ ነበረች፤ መቼ እንደሚጮህ፣ መቼ ወደ ሰማይ እንደሚተኮስ፣ መቼ ሰው ላይ እንደሚተኮስ የምትል። ሜይ 4 ቀን 2013 የንጎክ ዲንካዎች ዋና አለቃ ኩዎል ዴንግ ኩዎል በዩኒስፋ አጀብ ሲጓዙ ሚሴሪያዎች መንገድ ላይ አስቆሟቸው። ለረጅም ሰዓት ንግግር ነበር። ከዚያ ተኩስ ተከፈተ፣ አለቃውም አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደርም ሞቱ። ያን ቀን አስቀድሞ መተኮስ ነበረባቸው የሚል አለ፤ ቢተኩሱ ኖሮ ሃምሳ ሰው ይሞት ነበር የሚልም አለ። እኔ ከሁለተኛዎቹ ነኝ፣ ግን እንቅልፍ የሚሰጥ መልስ አይደለም። አጎትሽ ክልከላ የሚለው ይህን ይመስለኛል፤ ጣት ምላጭ ላይ ሆኖ ሰዓታት መቆም ከክልከላ ይከብዳል።

አንድ ነገር ግን አይቻለሁ። ከ2016 ወዲህ ከአብዬ ከተማ በስተሰሜን አሚየት የሚባል ገበያ ቆሟል። የኛን ቅዳሜ ገበያ አስቢው፣ ግን በቆርቆሮና በላስቲክ። ሚሴሪያው ከሰሜን ስኳርና ሽንኩርት ያመጣል፣ ዲንካው ከብት ይነዳል፣ ሻይ የምትቀዳው ሴት ለሁለቱም ትቀዳለች። በመጡ በሄዱ የተገዳደሉ ሰዎች ናቸው። አንድ ጠዋት የከብት ሌብነት ክስ ተነሳ። ድምፅ ከፍ ከፍ አለ። የጋራ የሰላም ኮሚቴው ሽማግሌዎች ዳስ ሥር ተቀመጡ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ ከሳሹ በሬው ቀንዱ ላይ የነበረበትን ምልክት በጣቱ መሬት ላይ ሣለ። የኛ ልጆች አንድ መቶ ሜትር ያህል ርቀው ተሽከርካሪያቸው አጠገብ ቆመዋል። ዝናብ ወርዶ ዋልካው እስከ ቁርጭምጭሚት ይይዛል። ምንም አልሠሩም። አንዱ ጫማውን በእንጨት ይፍቃል። ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም ወደ መሣሪያ አልሮጠም፤ እነሱ በመቆማቸው ነው ሽማግሌዎቹ የተደመጡት። በሬው በካሳ አለቀ። ለዚህ ደግሞ ማንም ዜና አይሠራም።

የኛ ጦር ከአብዬ የወጣበትን ምክንያት ደግሞ ጎንደር ላለ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። በ2020 መጨረሻ ድንበር ላይ ባለው በአልፋሽጋ መሬት የተነሳ አዲስ አበባና ካርቱም ተካረሩ። በ2021 ሱዳን የኢትዮጵያ ወታደሮች ይቀየሩልኝ አለች፣ በ2022 ከሌሎች አገሮች በመጡ ተተኩ። አብዬ ላይ ያጠፉት ነገር ኖሮ አልነበረም። እዚህ በእኛ ጓሮ የተነሳ ጠብ እዚያ ያለውን ዋስ አፈረሰው። ተቀባይነት ከጠፋ የአሥር ዓመት ሥራ እንኳ አያስቀምጥሽም።

ለእናትየዋ ምን ልበላት ካልሽኝ፣ አትዋሺያት። ሰማያዊ ቆቦቹ በዚህ ዓመት ይመጣሉ አትበያት። መጀመሪያ ተኩስ ማቆም፣ ከዚያ ስምምነት፣ ከዚያ ታዛቢ፤ ምናልባትም መጀመሪያ የሚገቡት የአፍሪካ ኅብረት ሰዎች ይሆናሉ። ከዚያ በፊት የሚሆነው ጥቂት ነገር ነው፤ እንደ ቻዱ አድሬ በር ያለ የእርዳታ መግቢያ ክፍት እንዲቆይ መጨቅጨቅ፣ ወንጀሉን መዝግቦ መያዝ፣ መሣሪያ የሚልኩትን በስማቸው መጥራት። የስደተኛነት ወረቀቷ እንዳያልፍባት ግን አሁኑኑ አብረሻት ሂጂ፣ ይህ በእጃችሁ ነው።

አጎትሽን ደግሞ ያቺን የኪስ ካርድ አስቀምጧት እንደሆነ ጠይቂልኝ። ብዙዎቹ ከመለዮአቸው ጋር ሻንጣ ውስጥ ያኖሯታል። ካገኛት አዘዞ ወይም ፒያሳ ቀጠሮ ይስጠኝ፣ ቡናው በኔ፤ መስመር በመስመር እናነባታለን፣ የተከለከልንበትን ቦታ እሱ ያሳየኝ።